በየወሩ የሚገዛው መለዋወጫ

የመዝገብ ቤቱ ማሽን ከፊት ሲያዩት ያምራል። ግራጫ ነው፤ ቁም ሣጥን ያክላል፤ ደረቱ ላይ የሚበራ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው ሥር በራሷ የምትከፈት ትንሽ መስኮት አለው። ተገልጋዩ ስሙንና የቤቱን ቁጥር በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ይጽፋል። ማሽኑ «እባክዎ ይጠብቁ» ይለዋል። ተገልጋዩ ይጠብቃል። ደወል ያቃጭላል፣ መስኮቷ ትከፈታለች፣ የቤቱ ፋይል ይወጣል። ከመጠበቁ በስተቀር ሁሉም ነገር አዲስ ነው።

ከኋላ ሲያዩት ግን ግድግዳ ውስጥ የተሰነቀረ ባዶ ሣጥን ነው። ከሣጥኑ ጀርባ አንዲት ወንበር፣ አንድ አረንጓዴ ቁልፍ፣ ቁራጭ ወረቀት የሚተፋ ትንሽ ማተሚያ፣ አንድ መሰላልና አርባ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ፋይል አለ። ወንበሯ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ማተሚያው ጥያቄውን ሲተፋ ትነሳለች፤ ፋይሉን ፈልጋ ሣጥኑ ውስጥ ትከታለች፤ ቁልፉን ትጫናለች። ደወሉ የሚያቃጭለው ያኔ ነው።

ድሮ እዚህ ክፍል ውስጥ ሰባት ነበሩ። የአገልግሎት ማሻሻያ የሚባለው ሲመጣ ማሽኑ ተገዛ፣ ሰባቱም የሥራ መደቦች ተሰረዙ፣ «ሰባት መደብ ተቆጥቧል» ተብሎ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ተላከ። ስድስቱ እግራቸው ወደመራቸው ሄዱ። እሷም ቤቷ ገባች። ኮምፒውተሩ የመደርደሪያውን ቁጥር ስለሚያውቅ የኋላው ሥራ ለማንም አይከብድም ተብሎ ለጥበቃው ሠራተኛ ተሰጠ። ጥበቃው በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ፋይል አወጣ፤ ሦስቱ የሌላ ሰው ነበሩ። መደርደሪያዎቹ በተለያየ ዘመን ሁለት ጊዜ ቁጥራቸው ተቀይሯል፤ የድሮው፣ የመካከሉና የአሁኑ ቁጥር አንድ ላይ የሚገኙት በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ጭንቅላቷን ደግሞ ማንም ኮምፒውተር ውስጥ አላስገባውም፤ አልተጠየቀችም።

«እትዬ፣ ለጥቂት ቀን ብቅ ቢሉልን» አላት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በስልክ። ጥቂቱ ቀን አሥራ አንድ ወር ሆነ።

የቸገረው አከፋፈሉ ነበር። መደቡ ተሰርዟል፤ መሰረዙም ተመስግኗል፤ የተመሰገነበትን ነገር ደግሞ ማንም ኃላፊ ወደኋላ አይመልስም። በመጨረሻ የፋይናንስ ባለሙያዋ ለማሽኑ መለዋወጫ የተያዘ በጀት ሳይነካ መቀመጡን አገኘች። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ አንድ ቅጽ ይሞላል። «የዕቃው ዓይነት፦ መለዋወጫ። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ በመልካም አገልግሎት ላይ ያለ» ይላል። እሷ «አስረካቢ» በሚለው ቦታ ትፈርማለች። ራሷን በየወሩ ታስረክባለች ማለት ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ነገሩን ሲሰማ ጥቂት አሰበና «ስኮርታ ጎማ አደረጉሽ በይኛ» አላት።

«ስኮርታ ጎማስ ተኝቶ ነው የሚሄደው» አለችው። «እኔ እየሮጥኩ ነው።»

የሥራ ባልደረቦቿ «ሰባቱ» ብለው ይጠሯታል። የሰባት ሰው ሥራ ስለምትሠራ ነው። «ሰባቱ ገብተዋል?» ይላል ጠዋት የሚመጣ ባለጉዳይ የለመደው ከሆነ። «ገብተዋል፣ መሰላል ላይ ናቸው» ይሉታል።

እሷ ግን ስም የማውጣቱ ጨዋታ አያስቃትም። ማሽኑ ሲገዛ የሃያ ሦስት ዓመት ከአራት ወር አገልግሎት ነበራት። ሙሉ ጡረታ ለማግኘት ሃያ አምስት መሙላት አለባት፤ ሃያ ወር ይጎድላታል። የጡረታ ዕድሜዋ ሊደርስ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የቀራት ሃያ አራት ወር ነው። መለዋወጫ ሆና የምትሠራበት ጊዜ አይቆጠርም፤ መለዋወጫ ጡረታ አይወጣም። ስለዚህ በአራት ወር ውስጥ ሰው ሆና ወደ ሠራተኞች መዝገብ ካልተመለሰች የሁለት አሥርት ዓመታት የአቧራ ሥራ በግማሽ ይከፈላል። ይህን ስሌት ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ስትመላለስ በልቧ ትደጋግመዋለች። አንድ ወር ባለፈ ቁጥር አንድ ትቀንሳለች።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አንድ ሰኞ የኋላውን በር ከፍቶ ገባ። ሲጨነቅ ክራቫቱን የመፍታት ልማድ አለው፤ ክራቫቱ እጁ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ሐሙስ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ይመጣል። ባለፈው ሪፖርት ሳቀርብ ‹በአራት ደቂቃ፣ ያለ ሰው እጅ› ብዬ ነበር። ሊያዩት ነው።»

«ያለ ሰው እጅ ነው ያሉት?»

«አፌን አዳለጠኝ።»

«ታዲያ ሐሙስ ልቅር?»

«እርስዎ ከቀሩማ ምኑን ያዩታል?» ወንበሯ ላይ ዐረፍ አለ፤ እሷ ቆማለች። «ይስሙኝ፣ ጉብኝቱ በሰላም ካለፈ መደብዎ እንዲመለስ በራሴ ፊርማ እጠይቃለሁ። ቃሌ ነው።»

ይህን ነገር አገላብጣ አየችው። «በሰላም ካለፈ እኮ እኔ አላስፈልግም ማለት ነው።»

«እሱን ያኔ እናስብበታለን።»

«ካላለፈስ?»

«ካላለፈማ እኔም የለሁም። ማን ይጠይቅልዎታል?»

ሁለቱም መደርደሪያዎቹን አዩ። ከዚያ ኃላፊው ደንቡን ነገራት፤ ማሳል የለም፣ ወንበር መጎተት የለም፣ ማስታወሻ መጻፍ ደግሞ በፍጹም። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ልማዷን ያውቃልና። እዚህ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር የመጀመሪያ አለቃዋ «መልስ ያላገኘ ወረቀት ከዚህ ክፍል አይወጣም» ብሎ አስተምሯት ነበር። ገጽ የጎደለ እንደሆነ፣ ሌላ ቦታ የተሰፋ እንደሆነ፣ የተቀደደ እንደሆነ፣ በጥያቄው ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፋ ከፋይሉ ጋር በስቴፕለር አያይዛ ትልካለች። ማሽኑ ከመጣ በኋላም አልተወችውም። ነገሩን ያላወቁት ባለጉዳዮች ኮምፒውተሩ ጥንቁቅ ነው ብለው ያመሰግናሉ።

ሐሙስ ጠዋት አሥር ፋይሎች ቀድመው ወጥተው ከአረንጓዴው ቁልፍ አጠገብ ተደረደሩ። ከፊት ለፊት ባለጉዳይ መስለው የሚጠይቁ አሥር የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ተሰልፈዋል።

የኮሚቴው አባላት አራት ነበሩ። ሰብሳቢዋ ምክር ቤት ከመግባታቸው በፊት ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ዛሬም ሰው ሲናገር መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የቤት ሥራ እንደሚያርሙ ያዳምጣሉ። ከጎናቸው ጢማሙ አባል ነበሩ። እሳቸው የሚታወቁት በአንድ ጥያቄ ነው። ስለ ድልድይም ይወራ፣ ስለ እሳት አደጋ መኪናም ይወራ፣ «በአነስተኛ ወጪ መሥራት አይቻልም ነበር?» ይላሉ። የቀሩት ሁለቱ ለፎቶው ነው የመጡት።

የመጀመሪያው ተሰላፊ ጻፈ፤ ደወሉ አቃጨለ፤ ፋይሉ ወጣ። ሁለተኛዋም እንደዚያው።

«አርባ ሰከንድ» አሉ ጢማሙ ሰዓታቸውን እያዩ። «ሰባት ሰው እዚህ ቤት ምን ሲሠራ ነበር?»

ከግድግዳው ኋላ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይሰማል። እሷ ሦስተኛውን ፋይል ይዛ ቆማለች።

«እኔ ልሞክር» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ወረፋ አለ» አለ ኃላፊው።

«ወረፋው ላይ ያለው ሁሉ የእናንተን ባጅ ነው ያደረገው። ለአንድ አፍታ ቢያስቀድሙኝ ቅር አይላቸውም።»

ማተሚያው ቁራጭ ወረቀት ተፋ። የሟች አባታቸው ስም ነው፤ የቤቱ ቁጥር ደግሞ የዛሬ አርባ ዓመቱ። ከአሥሩ ውስጥ የለም። እሷ ወረቀቱን በጥርሷ ይዛ መሰላሉን ጎተተች፤ ሠላሳ አንደኛው መደርደሪያ ጋ ወጣች። ፋይሉን አገኘችው፣ ገለጠችው፣ የቤቱ ካርታ የለበትም። ወዲያው ትዝ አላት፤ የዚህ ቤተሰብ ካርታ ድሮ ወንድማማቾቹ ቦታ ሲካፈሉ ከታናሽዬው ፋይል ጋር ተሰፍቷል። ወርዳ፣ ሄዳ፣ ተንበርክካ ከሥር አወጣችው። ከግድግዳው ማዶ ኃላፊው ስለ መረጃ ፍጥነት እያብራራ ነበር። ብዙ አብራራ። ሁለቱን ፋይሎች ሣጥኑ ውስጥ ከተተች፣ ቁልፉን ተጫነች። እጇ ከቁልፉ ላይ ሲነሳ ነው ምን እንዳደረገች የታወቃት።

ሰብሳቢዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «‹የአባትዎ ካርታ በወንድማቸው ፋይል ውስጥ ተሰፍቶ ስለተገኘ ሁለቱም ተልከዋል። ዘጠነኛው ገጽ ሳስቷልና ቀስ ብለው ይግለጡት።›»

ጢማሙ ጠጋ ብለው አዩት። «የእጅ ጽሑፍ ይመስላል።»

«ባለጉዳዩ ማሽን እንዳይፈራ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው» አለ ኃላፊው።

«ለብቻው ወጪ ጠይቋል?»

«ምንም።»

«ጎበዝ» አሉ ጢማሙ፣ ማስታወሻቸውም ላይ ጻፉት።

ከታችኛው መደርደሪያ የተነሳው አቧራ ጉሮሮዋ ደረሰ። አፏን በክንዷ አፈነች፤ አልሆነላትም።

«ማሽኑ ጉንፋን ይዞታል?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«የአየር ማስወጫው ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

ሰብሳቢዋ ወደ ሰሌዳው ተመልሰው «ተጨማሪ አስተያየት» የሚለው ቦታ ላይ ረዘም አድርገው ጻፉ። ማተሚያው ወረቀቱን ተፋ። «ጽሑፍዎ ግልጽ ነው። ስንት ዓመት አገልግለዋል?» ይላል።

ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ዝም ብትል ሁሉም ይሄዳሉ፤ ነገ ቅጹ ላይ ትፈርማለች፤ ቁጥሩ አንድ ይቀንሳል። ብትመልስ ኃላፊው ያልቅለታል፤ ከእሱ ጋር ደግሞ የገባላት ቃል። ወንበሯን እንዳትጎትት ፈርታ አልተቀመጠችም። መዝገብ ቤት ከገባች ጀምሮ በወረቀት የጠየቃት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሌላ ሰው ነበር። ወረቀቱን ገልብጣ ጻፈች። «ሃያ አራት ዓመት ከሦስት ወር። የመጨረሻው አሥራ አንድ ወር አልተቆጠረም።» ባዶውን ሣጥን ከፍታ ወረቀቷን አስቀመጠች፣ ቁልፉን ተጫነች።

ሰብሳቢዋ ይህኛውን ድምፃቸውን አውጥተው አላነበቡትም። አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና ኃላፊውን «የማሽኑን የመለዋወጫ ወጪ ዝርዝር ይዘው የሚቀጥለው ወር ምክር ቤት ይቅረቡ» አሉት። ፎቶው ተነሳ። ሁሉም ፈገግ ብለዋል።

እነሱ እንደወጡ ኃላፊው ወደ ኋላ ክፍል መጣ። «እትዬ፣ ምን አደረጉኝ?»

«ጠየቁኝ፣ መለስኩ።»

«ማሽን እኮ አይጠየቅም።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለችና ያልተጠየቁትን ስምንት ፋይሎች ወደየቦታቸው መመለስ ጀመረች።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባው ላይ እሷም እንድትገኝ ተጠራች። የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ የውኃ ጠርሙስ ከሚያዞረው ሠራተኛ አጠገብ ተቀመጠች። ኃላፊው ክራቫቱን አጥብቆ አስሯል።

«ማሽኑ ከተገዛ ወዲህ ስንት መለዋወጫ ገዛችሁ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«አሥራ ሁለት።»

«የተለያየ?»

«አንድ ዓይነት ነው።»

«አሥራ ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ። የተለወጡት አሮጌዎቹ የት ተቀመጡ?»

«አሮጌ የለም፣ ክብርት ሰብሳቢ። ያው ነው።»

«ያንኑ ዕቃ ነው አሥራ ሁለት ጊዜ የገዛችሁት?»

«በአንድ በኩል ሲታይ...»

«በሌላ በኩልስ ሲታይ?»

ኃላፊው ውኃ ጠጣ። «በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀና ሳል አስመሰለው። ጢማሙ ማይክሮፎናቸውን አበሩ። ሁሉም ጥያቄያቸውን ጠበቀ፤ እሳቸው ግን በሌላ በኩል መጡ።

«ይሄ መለዋወጫ ያለ ማሽኑ ይሠራል?»

«ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቷል።»

«ማሽኑስ ያለ መለዋወጫው?»

«ሦስት ሳምንት ሞክሮ ነበር።»

ጢማሙ ብዕራቸውን አውጥተው ወረቀት ላይ አሰሉ። አንድ ጊዜ አሰሉ፤ እንደገና አሰሉ። ከዚያ ማሽኑ እንዲገዛ ያጸደቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ ራሳቸው እንደነበሩ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ወረቀቱን ከሌላ ወረቀት ሥር አስገብተው ማይክሮፎናቸውን አጠፉ።

ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ «የተባለው መለዋወጫ በሕጉ መሠረት ወደ ቋሚ ሠራተኛነት ይዛወር።» እሷ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሆና ቁጥሯን ቆጠረች። ሃያ ሦስት። ሃያ ያስፈልጋታል። ይበቃል።

በማግስቱ የሰው ሀብት ክፍል ሄደች። ያገኘቻት ሴት ውሳኔውን አንብባ አዘነችላት።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ የንብረት መዝገብ ላይ ነዎት። አንድ ነገር ንብረትም ሠራተኛም ሆኖ ሁለት መዝገብ ላይ መታየት አይችልም። መጀመሪያ ከዚያኛው መሰረዝ አለብዎት።»

«ይሰርዙኛ።»

«እኔ አልችልም። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ አይቶ ነው የሚሰርዘው።»

አስወጋጅ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሁለት ወር አንዴ ነው። ሁለቱ ወር አለፉ። ሃያ አንድ ሲቀራት ሦስት ሰዎች ወደ ኋላ ክፍል መጡ፤ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከእሷ ጋር በአንድ ዓመት ነው የተቀጠረው። ሰውዬው ቅጹን ሰሌዳ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ቆመ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ደንቡ በአካል ይታይ ስለሚል ነው።»

«ታይቻለሁ። ቀጥል።»

«ሁለት ሣጥን ነው ያለው። ‹ሊጠገን የሚችል› እና ‹ከአገልግሎት ውጭ የሆነ›።»

«የቱ ነው የሚያሰርዘኝ?»

«ሁለተኛው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ውሸት ልጻፍ?» አለ። «ከመጣሁ እንኳን ሁለት ፋይል አውጥተሻል።»

ከሦስቱ አንዷ የሆነችው የፋይናንስ ባለሙያ ጣልቃ ገባች። «‹ሊጠገን የሚችል› ካልክ ጥገና ነው የሚላኩት። እትዬን የት ነው የምንልካቸው?»

እሷ በዚህ መካከል ማተሚያው የተፋውን አንስታ ሄደች፣ መሰላል ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ቁልፉን ተጫነች። ስትመለስ ሦስቱም «ከአገልግሎት ውጭ የሆነ» የሚለው ላይ ፈርመው ጨርሰው ጫማቸውን ያያሉ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አንድ መስመር የራሱን ጨምሯል፤ «በደንብ የተያዘ» ይላል።

ያን ወረቀት ይዛ የሰው ሀብት ክፍል ሄደች። አሁን የቀራት የጤና ምስክር ወረቀት ብቻ ነበር። ሐኪሙ ዓይኗን አየ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ ከሳሏ በቀር ለማንኛውም ሥራ ብቁ ናት ብሎ ጻፈ። ሁለቱ ወረቀቶች በሦስት ቀን ልዩነት ተጽፈው በአንድ ስቴፕለር ተያያዙ፤ አንደኛው አትጠቅምም ይላል፣ ሁለተኛው ትጠቅማለች ይላል፤ ማንም አላስተያያቸውም።

የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ሪፖርት «በማሻሻያው ሰባት የሥራ መደቦች ተቆጥበዋል፤ አንድ አዲስ ቋሚ የሥራ ዕድልም ተፈጥሯል» ብሎ ወጣ። ሁለቱም ተመሰገኑ። ኃላፊው ልምዱን ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች እንዲያካፍል ጉዞ ጀመረ። ክራቫቱ ሁልጊዜ እንደታሰረ ነው ይባላል።

የቅጥር ደብዳቤው የደረሳት ሃያ አንዱ ወር ሙሉ ለሙሉ ሳይነካ ነው። አንድ ወር ተርፏታል፤ ቢያማትም፣ ብትሰበርም፣ ያቺን አንድ ወር ብቻ ነው የምትታመምባት። ቤት ስትገባ ባሏ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሬዲዮ ያስተካክላል። ደብዳቤውን ሰጠችው። እሱ ወረቀት ሲያነብ እንደ መንገድ ምልክት ከሩቅ ይዞ ነው።

«‹አዲስ ተቀጣሪ ስለሆኑ ለስድስት ወር በሙከራ ላይ ይቆያሉ፤ ሥራውንም ነባር ሠራተኛ ያለማምድዎታል።›» ዝቅ አደረገው። «ነባሩ ማን ነው?»

«ጥበቃው።»

«ያ ሦስት የሰው ፋይል ያወጣው?»

«ሦስት ሳምንት ይበልጠኛል። ማሽኑ ጋ ከእኔ በፊት ነው የገባው።»

ባሏ እንዳይስቅ ሬዲዮውን ነካካ። «እሺ፣ ሙከራውን ብትወድቂስ?»

ጫማዋን አውልቃ እግሯን አፍታታች። «እሱን ነው የሰው ሀብቷንም የጠየቅኳት። የሚወድቅ ከተገኘ መደቡ ይሰረዛል፣ በቁጠባ ይመዘገባል አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በስልክ ይጠሩኛል።»